አስፋልት ለመሮጥ ጭቃ ለምን ይረገጣል?

የጎዳና ሩጫ ውድድር ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው በማለዳ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሱሉልታ ብቅ ያለ ሰው አንድ ግር የሚል ነገር ማየቱ አይቀርም። ሯጮቹ የሚወዳደሩት በአስፋልት ላይ ነው። አስፋልቱም እዚያው አጠገባቸው ተዘርግቶ ይታያል። እነርሱ ግን ከመኪና ወርደው ጥቂት ካሟሟቁ በኋላ አስፋልቱን ጥለው ሣርና ለስላሳ አፈር ፍለጋ ወደ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባሉ። ዝናብ በጣለ ሰሞን ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ነው።

በአገራችን «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚባለው ከአንድ መከራ ወጥቶ ወደ ባሰው ለገባ ሰው ነው። ታዲያ ሰው ወዶና ፈቅዶ፣ ያውም ውድድር በቀረበበት ሰዓት፣ ከደረቁ ወደ ድጡ፣ ከድጡም ወደ ማጡ የሚገባው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ከእኔ ቀድመው የጠየቁ ብዙዎች ናቸው፤ መልሱን ግን አብዛኛው ሰው «እግር ያጠነክራል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋዋል። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ጭቃ ለሯጭ የሚሰጠው ነገር አለ፤ የሚወስድበትም አለ። የሚሰጠውን ለመቀበል ደግሞ ጓደኛ፣ ጫማ፣ ውሃና መሬት ያስፈልጋሉ። እነዚህን በየተራ እንመልከታቸው።

የሆሳዕናው መንገድ

እኔ በትምህርቴ የሕግ ሰው ነኝ። በዕድሜዬ ሃምሳዎቹን እያጋመስኩ ስለሆነ ስለ ሩጫ የምጽፈው አሸናፊ ለመሆን ከሚሮጡት ወገን ሆኜ አይደለም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ 10 ሺህ ያህል ሰው ተመዝግቦ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ አድጓል። እኔና አንድ የቆየ ወዳጄም ከዚያ ብዙ ሕዝብ መካከል ነን። ወዳጄ ዱራሜ ከተማ መምህር ነው፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ተማሪዎቹን ሩጫ ያለማምዳል። በአንድ ወቅት ለ10 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ተመዝግበን፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ለሥራ ሆሳዕና ሄጄ ስለነበር «እንግዲያው የመጨረሻውን ረጅም ሩጫ አብረን እንሩጥ» አለኝ።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ ዋና መቀመጫ ሆናለች። ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ የለመደ ሳንባ እዚያ እንግዳ አይሆንም። እንግዳ የሚሆነው እግር ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ፣ ሲርስ እንደ ሳሙና ይሆናል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ወቅቱን አልፎ ጥቅምትንም ይዞ ነበር።

የተቀጣጠርነው መናኸሪያው በር ላይ ነው። ወዳጄ የመጣው ከዱራሜ በተነሳው የመጀመሪያው ሚኒባስ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ረዳቶቹ «ወራቤ! ቡታጅራ! አዲስ አበባ!» እያሉ ይጣራሉ። ሻንጣ የተሸከመ፣ ቆጮ በኮባ ጠቅልሎ ለዘመድ የሚልክ፣ ልጁን የሚሸኝ፣ ሁሉም አለ። በቁምጣ የቆምን ሁለት ጎልማሶችን ያየ አንድ ተራ አስከባሪ «አባቶች፣ መኪና አመለጣችሁ እንዴ?» ሲል ጠየቀን። ወዳጄ ሳቀና «እኛ በእግር ነን» አለው።

ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ መንገዱ በእንሰት ጓሮዎችና በባሕር ዛፍ መካከል ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ላይ ወዳጄ አንድ ነገር ብቻ አዘዘኝ፤ «ሰዓትህን አትይ። መሬቱንም አትይ። ተረከዜን እይ።» ትእዛዙ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ጭቃ እግር ላይ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጭቃ እግር ላይ ምን ይሠራል?

ሰው ሲሮጥ እግሩ እንደ ምንጭ ሽቦ ነው። መሬት ሲረግጥ የተረከዙ ጅማት ይለጠጣል፤ ሲነሳ ደግሞ ተመልሶ ይሸበሸብና አካሉን ወደፊት ይገፋዋል። መሬቱ ጠንካራ ከሆነ ከዚህ ጉልበት አብዛኛው ይመለሳል። ጭቃ ላይ ግን እግር የጨመረው ጉልበት መሬቱን ለመጨፍለቅና ወደ ጎን ለመግፋት ይውልና በዚያው ይቀራል። የብድር ቋንቋ ለሚቀለው ሰው፣ አስፋልት ያበደሩትን የሚመልስ፣ ጭቃ ደግሞ የሚክድ ተበዳሪ ነው።

ክህደቱ ምን ያህል እንደሆነ በአሸዋ ላይ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሞ የወጣ የቤልጂየም ተመራማሪዎች ጥናት፣ በአሸዋ ላይ መሮጥ በጠንካራ መሬት ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት ከመሮጥ 1.6 እጥፍ ጉልበት እንደሚጠይቅ አሳይቷል። ጭቃ እንደ ውፍረቱና እንደ ርጥበቱ ይለያያል፤ የአሠራሩ መንገድ ግን አንድ ነው። በዚህ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ መሆኑን ጨምሩበት። ልብ በኃይል እየመታ፣ ሰዓቱ ግን የእርምጃ ያህል ፍጥነት ይመዘግባል።

ሰዓት አትይ የሚባለውም ለዚህ ነው። በጭቃ ውስጥ ፍጥነትና ድካም ይፋታሉ። በኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ እንደሄደ እያየ ራሱን የሚገፋ ሯጭ ገና በግማሽ መንገድ ያልቃል። ልክን ማወቅ የሚቻለው በትንፋሽ ነው፤ እያወሩ መሮጥ ከተቻለ ልክ ነው፣ ቃል ከተቆራረጠ ልክ አልፏል። ይህን የተማረ ሰው አስፋልት ላይ ሲወጣ ትምህርቱ ይከተለዋል። በታላቁ ሩጫ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ላይ በሙዚቃውና በሕዝቡ ግለት ተነድተው የሚፈተለኩትንና ዳገቱ ላይ ቆመው ወገባቸውን የሚይዙትን ያየ ሰው፣ ልክ አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይገባዋል። ጭቃ የሚያስተምረው ዋናው ነገር፣ በእኔ እምነት፣ ይኸው ልክ ማወቅ ነው። ጭቃ ላይ መፈትለክ አይቻልም።

ሁለተኛው ትምህርት የቁርጭምጭሚት ነው። አስፋልት ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ካለፈው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጭቃ ላይ ግን አንዱ እርምጃ ይሰምጣል፣ ሌላው ይንሸራተታል፣ ሦስተኛው ሥር ላይ ያርፋል። በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች በየእርምጃው ሚዛን ሲጠብቁ ይውላሉ። እርምጃም ያጥራል፤ ያጠረ እርምጃ ደግሞ እግርን ከሰውነት በታች እንጂ ከፊት አርቆ እንዳያሳርፍ ያስገድዳል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ እምነት ማስተካከል ያስፈልጋል። «ለስላሳ መሬት ከጉዳት ያድናል» ይባላል። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ሰውነት በለስላሳ መሬት ላይ እግሩን ያደነድናል፣ በጠንካራ መሬት ላይ ያላላል፤ ስለዚህ ልዩነቱ የሚታሰበውን ያህል አይሆንም። ጭቃ ድንጋጤውን ቢቀንስም መንሸራተቱ ብሽሽትንና የጭን ውስጥ ጡንቻን ይፈትናል፤ ቁርጭምጭሚት የወለቀበትም ብዙ ነው። ጥቅሙ መሬቱ መለዋወጡ ላይ ነው። ሰባቱንም ቀን በአስፋልት የሚሮጥ፣ አንዱን የእግሩን ክፍል ብቻ በአንድ ዓይነት ምት ይቀጠቅጠዋል።

ለምን ከጓደኛ ጋር?

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይባላል። የተባለው ለፌዝ ነው፤ የሩጫ ሰዎች ግን ከቁም ነገር ይቆጥሩታል። በአገራችን ልምምድ ብቻውን የሚሮጥ ሯጭ ማየት ብርቅ ነው። በመስመር ተሰልፈው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። ከፊት ያለው መንገዱን ይመርጣል፤ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ዱካ ያነባል። ተረከዙ ከሰመጠ ወደ ጎን ይላል፤ ከተንሸራተተ እርምጃውን ያሳጥራል። ከፊት የሚሆን ሁለት ሥራ ስላለበት ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ መሪነቱን ይለዋወጣሉ።

«ተረከዜን እይ» ማለት እንግዲህ «ልኬን ያዝ» ማለት ነው። ዱራሜ ያደገው ወዳጄ ያንን አፈር ከልጅነቱ ያውቀዋል። የት ላይ ሣር እንዳለ፣ የቱ ጥቁር ያለ ጭቃ እንደሚውጥ፣ የቱ ቀይ ጭቃ እንደሚያዳልጥ በቀለሙ ይለየዋል። ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መሪነቱን ለእኔ ሰጠኝና ኋላ ኋላ ተከተለኝ። ዳገቱን ስንጀምር ትንፋሼን ሰምቶ «ቀስ! ገና ነን» አለኝ። ሰዓት እንዲህ አይልም።

ከጓደኛ ጋር መሮጥ የራሱ አደጋም አለው። ወደ አንድ ጅረት ስንወርድ ወዳጄ አዳለጠውና ላለመውደቅ የጃኬቴን እጅጌ ያዘ። አንድ ላይ ጭቃው ውስጥ ተቀመጥን። ክርኔ ተላጠ። «የካሳ ጥያቄ አለኝ» አልኩት። ወዲያው ግን የተማርኩት ሕግ በእኔ ላይ ተነሳ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2068 እንደሚለው፣ በስፖርት እንቅስቃሴ መካከል አብሮት የሚጫወተውን ወይም በሜዳው የተገኘውን ተመልካች የጎዳ ሰው፣ የማታለል ሥራ ካልፈጸመ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ ኃላፊ አይሆንም። ይህን ስነግረው ወዳጄ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ «ታዲያ ሕግ መማርህ ለእኔ ነው የጠቀመው» አለኝ።

ቀልዱን ወደ ጎን ብንተወው፣ ሕጉ የተሸከመው ሐሳብ ትልቅ ነው። አብሮ የሚሮጥ ሰው የሌላውን መውደቅ በከፊል ለመሸከም ተስማምቶ ነው የሚገባው። ጭቃ ላይ ብቻውን ቁርጭምጭሚቱ የተጠመዘዘ ሰው ከመንደር በሁለት ኪሎ ሜትር ቢርቅ እንኳ ችግር ውስጥ ነው። ሁለት ከሆኑ አንዱ ትከሻ ይሆናል።

ጭቃና የኢትዮጵያ ድል

የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ ስሙን የሠራው በትራክና በማራቶን ብቻ አይደለም። አገር አቋራጭ፣ ማለትም ሜዳ፣ ዳገትና ጭቃ የሚቆርጠው ሩጫ፣ ሌላው ትምህርት ቤቱ ነው። ጃንሜዳም ለዚህ ሩጫ እናት ሜዳ ሆኖ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ማድሪድ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የኢትዮጵያ ወንዶች ቡድን ውድድሩን ይመራ ነበር። ሯጮቻችን የመጨረሻው ዙር የደረሰ መስሏቸው አንድ ዙር ሲቀር ለፍጻሜ ተፈተለኩ። ስህተቱ ሲታወቅ ጉልበታቸውን ከፍለው ጨርሰዋል። ያም ሆኖ መሐመድ ከድር ከአሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ ኢትዮጵያም በቡድን ወርቁን ወሰደች። መሐመድ በዓመቱ ሮም ላይ፣ በቀለ ደበሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ጌትስሄድ ላይ አሸነፉ። የማድሪዱ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይነገራል። እኔ ግን ልክ ማወቅ የሚባለው ነገር ዙር ከመቁጠር እንደሚጀምር ማስረጃ አድርጌ እወስደዋለሁ።

ስለ ጭቃ ከተነሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በቤልጂየም ኦስተንድ የተካሄደው ሻምፒዮና መጠቀስ አለበት። መሬቱ በዝናብ ርሶ ሯጮቹ እስከ ፊታቸው ጭቃ የለበሱበት ውድድር ነበር። ጌጤ ዋሚ በረጅሙ ርቀት ከእንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች፤ በማግስቱ በአጭሩ ርቀት አሸነፈች። እዚያው ጭቃ ላይ አንድ ወጣት በታዳጊዎች ውድድር ወርቅ፣ በአዋቂዎች አጭር ርቀት ብር ወሰደ። ስሙ ቀነኒሳ በቀለ ይባላል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እስከ 2006 ድረስ ለአምስት ተከታታይ ዓመታት አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸንፏል።

ለሆሳዕናና ለዱራሜ ልጆች የሚቀርበው ስም ግን ሌላ ነው። አዲሎ የተወለደው ሙክታር እድሪስ እ.ኤ.አ. በ2015 ጉያንግ፣ ቻይና በዓለም አገር አቋራጭ ሦስተኛ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት ይሮጥ የነበረውን ሞ ፋራህን በ5,000 ሜትር ቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2019 ዶሃ ላይ ደገመው። ከጎረቤት ከጉራጌ የወጣው ሰለሞን ባረጋም እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዷል። የወዳጄ ተማሪዎች እነዚህን ስሞች እንደ ዘመድ ስም ነው የሚጠሯቸው።

ስንት ቀን ሲቀር?

አሁን ለተግባር የሚሆን ነገር ላንሳ። ከውድድር በፊት ጭቃ መርገጥ ጥሩ ነው ማለት የውድድሩ ዋዜማ ላይ ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

የስፖርት ሳይንስ በዚህ ነጥብ ላይ ጠንከር ያለ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 በርካታ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ከውድድር በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የልምምዱን ርቀት ከ41 እስከ 60 በመቶ መቀነስ፣ ፍጥነቱን ግን አለመቀነስ፣ የተሻለውን ውጤት ይሰጣል። ማለትም ሯጭ ይተዋል እንጂ አይዘገይም። ጭቃ ደግሞ በባሕርዩ የሚያዘገይና የሚያደክም ስለሆነ ቦታው ከዚህ የቅነሳ ጊዜ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ነው።

ሌላው የጡንቻ ሕመም ነው። ባልለመዱት መሬት፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ የተሮጠ ሩጫ የሚያመው ያኔውኑ አይደለም፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚብሰው። ሐሙስ ጭቃ የረገጠ እሑድ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ስለዚህ እኔና ወዳጄ የምንከተለው ደንብ ቀላል ነው፤ የመጨረሻው የጭቃ ሩጫ ከውድድሩ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይሁን፤ ርቀቱ ከለመዱት አይብለጥ፤ ቁልቁለቱን በእርምጃ መውረድ ነውር አይሁን፤ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ እግር ወደ አስፋልቱ ተመልሶ ጥቂትና ፈጠን ያለ ሩጫ ይልመድ።

የጫማ ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ይቋጠር፤ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። አዲስ ጫማ ለዚህ አይሁን፤ አሮጌና ሶሉ ጥርስ ያለው ይሻላል። የተላጠ ቁስል ካለ ቤት እንደተገባ በሳሙና ይታጠብ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጊዜው ያለፈበትም ጤና ጣቢያ ጎራ ይበል።

ጫማና ውሃ

እስካሁን ጭቃን ሳመሰግን ነው የቆየሁት። አሁን ደግሞ ሌላውን ፊቱን ማሳየት ግዴታዬ ነው።

በደቡብና በመካከለኛው ደጋችን፣ ወላይታን፣ ሀዲያንና ከምባታን ጨምሮ፣ በተለምዶ «ዝሆኔ» የሚባል የእግር እብጠት አለ። ዝሆኔ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በትንኝ የሚተላለፍ ነው። ሁለተኛው ግን ከአፈር የሚመጣ ነው፤ በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ የሠራው ብሪታኒያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ አልፈው ይገባሉ፤ በትውልድ ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይ የእግርን የፈሳሽ ቧንቧዎች ያቆስላሉ። ከዓመታት በኋላ እግር ያብጣል። ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትርን ያለፈ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያለበት አገር ይመቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁንና ሰው ስለሚፈራው ታማሚው ከጋብቻና ከዕድር ሳይቀር ይገፋል። መከላከያው ውድ አይደለም፤ ጫማና በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። የጀመረውም ቢሆን በጊዜ ከታጠበ፣ ቅባት ከተቀባና ከተጫማ ይገታል።

በሳምንት አንድ ቀን ጫማ አድርጎ ጭቃ የሚረግጥና ቤቱ ገብቶ የሚታጠብ ሯጭ ይህ አያሰጋውም። ጉዳቱ የሚመጣው በዓመታት ነው። የሚያሰጋው ያንኑ አፈር ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ የሚያርሰውን ገበሬና የገበሬውን ልጅ ነው። ያ ልጅ ደግሞ ነገ ሯጭ ሊሆን የሚያስበው ልጅ ነው። «ባዶ እግር ያጠነክራል» እያሉ ልጆችን በቀይ ጭቃ ላይ ያለ ጫማ የሚያስሮጡ አሠልጣኞች ሻምበል አበበ ቢቂላን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉ እውነት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ማሸነፉም እውነት ነው። ሁለተኛውን ትቶ የመጀመሪያውን ብቻ መጥቀስ በእኛ ሙያ ማስረጃ መደበቅ ይባላል።

ወዳጄ ለተማሪዎቹ ያወጣው ደንብ በዚህ ረገድ የሚያስቀና ነው። ጫማ የሌለው ልጅ ልምምድ አይቀርም፤ ካደገባቸው ጫማ ከሚለግሱ ልጆች ለትንንሾቹ ይተላለፋል። ከሩጫው በኋላ ደግሞ ማንም ልጅ እግሩን ታጥቦ ሳያሳይ ወደ ቤቱ አይሄድም። የእኛም ሩጫ የተጠናቀቀው በዚሁ ደንብ ነው። መናኸሪያው ስንደርስ የሚኒባሱ ረዳት ወዳጄን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «በዚህ ጭቃ? ወንበሬን? አይሆንም አባ!» አለው። ሁለት ሊስትሮዎች ባልዲና ብሩሽ ይዘው መጡ። አንደኛው ልጅ ጫማውን እያጠበ «ጋሼ፣ እንዲህ የሚያስሮጣችሁ ማን አሳዷችሁ ነው?» ሲል የተሳፈረው ሁሉ ሳቀ።

መሬቱስ የማን ነው?

የመጨረሻው ነጥብ በሙያዬ የሚመለከተኝ ነው። ጓደኛ ይገኛል፤ ጫማም እንደምንም ይገኛል። ለስላሳው መሬት ግን እያለቀ ነው።

ከተሞቻችን ጭቃን ማሸነፋቸው መልካም ነው። ኮብልስቶኑ፣ አስፋልቱ፣ በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተዳረሰው የኮሪደር ልማት፣ እናቶች ሳያዳልጣቸው ገበያ እንዲሄዱ አድርጓል። ጭቃ ይመለስ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን በአንድ ከተማ ዙሪያ ያለው ሜዳና የእግር መንገድ ሁሉ ወይ ሲታጠር ወይ ድንጋይ ሲለብስ፣ ልጆች የሚሮጡበት መሬት የት እንደሚሆን የሚጠይቅ አካል ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር፣ የአገር አቋራጭ እናት ሜዳ ለወራት የቲማቲምና የሽንኩርት መደብ ሆኖ ነበር። ጊዜው አስገዳጅ ስለነበር አልወቅስም። ነገር ግን አንድ ሜዳ በምን ያህል ፍጥነት ከሯጭ እጅ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቶናል።

ሕጉ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 9 ላይ መንግሥት ለስነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1444 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ለሕዝብ አገልግሎት የተተወ ንብረት ከሌላው ንብረት የተለየ ጥበቃ እንዳለው ይደነግጋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖራቸው ያዛል። ችግሩ ያለው ከሕጉ ቀጥሎ ነው። ሰው በእግሩ የሠራው መንገድ በፕላኑ ላይ ካልተሰመረ፣ ካድሬውም ቀያሹም ባዶ መሬት ነው የሚያዩት። ባዶ መሬት ደግሞ ለሊዝ ይወጣል።

ከሆሳዕና ብዙም ሳይርቅ፣ በጉራጌ፣ ይህን ጥያቄ ያለ አዋጅ የፈታ ሥርዓት አለ። ጀፎረ ይባላል። በመንደሩ መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ሠርግ የሚሸኙበት፣ ፈረስ የሚጋልቡበት፣ ልጆች የሚሮጡበት። የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ወደ ጀፎረው አጥሩን የገፋ ሰው በአካባቢው ባህላዊ ዳኝነት ይጠየቃል። ቀያሽ ሳይኖር ወሰኑ ለትውልዶች ተጠብቆ ቆይቷል፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ወሰኑን ያውቀዋል።

ስለዚህ ለሆሳዕና፣ ለዱራሜ፣ ለአንጋጫና ለሺንሺቾ ከተማ አስተዳደሮች፣ ለሌሎችም ከተሞቻችን፣ የማቀርበው ሐሳብ ውድ አይደለም። ስታዲየም ይሠራ አላልኩም። እያንዳንዱ ከተማ የሚቀጥለውን ፕላን ሲያወጣ በዳርቻው አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ሜትር የሚሆን የአፈርና የሣር መንገድ በካርታው ላይ ያስምር፤ ስም ይስጠው፤ ድንጋይ እንዳይለብስ፣ አጥር እንዳይገባበት ይከልክል። ጫፉ ላይ ደግሞ አንዲት የውሃ ቧንቧ ትትከል፤ ልጆቹ እግራቸውን ይታጠቡባት። የአካባቢው አሠልጣኞችና መምህራንም ፕላኑ ለውይይት ሲቀርብ ስብሰባው ላይ ይገኙ። ዝም ያለ ሰው መንገድ ካርታ ላይ አይወጣም።